ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ዛፍ ድርቅን ይችላል?

ጥያቄ፦ «ከ20 ዓመት በፊት ተክለን ያሳደግነው ደን አለን። ዛፎቹ ጥቅጥቅ ብለው ነው ያደጉት። ባለፉት ሁለት ደረቅ ዓመታት ግን ከጫፋቸው መድረቅ ጀመሩ፤ አንዳንዶቹም እንደቆሙ ደርቀዋል። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመሩ ለዛፍ ምግብ ነው፣ ውሃም ያስቆጥበዋል፣ ስለዚህ ደኑ ድርቁን ራሱ ይለምደዋል የሚል ነገር አነበብኩ። እውነት ነው? አንዳንዶች "አሳሱት" ይሉናል። ሌሎች ደግሞ "ጥቅጥቅ ያለ ደን እርጥበት ይይዛል፣ እንዳትነኩት" ይላሉ። የቱን እንስማ?»

ምላሽ፦ አሳሱት፤ ማለትም ከዛፎቹ ከፊሉን ቆርጣችሁ ቁጥራቸውን ቀንሱ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያድነዋል ብላችሁ አትጠብቁ። ያነበቡት ነገር ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው የተነገርዎት። ዛፎቻችሁን እየገደለ ያለው ያልተነገርዎት ግማሽ ነው።

እውነት ከሆነው ልጀምር። ቅጠል ላይ ስቶማታ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባው በእነሱ ነው፤ ውሃም ተኖ የሚወጣው በእነዚያው ነው። አንዲት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ለማስገባት ዛፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ የውሃ ሞለኪውሎችን ያጣል። የሚያከስር ንግድ ነው፤ ግን ሌላ መንገድ የለውም። አየሩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ንግዱ ትንሽ ይሻላል። ቀዳዳው ጠበብ ቢልም በቂው ይገባል፣ የሚባክነው ውሃም ይቀንሳል። በዚያ ላይ ካርቦኑን የሚይዘው ሩቢስኮ የተባለ ኢንዛይም አልፎ አልፎ ኦክስጅንን በስህተት ይይዛል፤ ይህም ለዛፉ ኪሳራ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ይህ ስህተትም ይቀንሳል።

ጭማሪው ደግሞ ትንሽ አይደለም። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 280 ያህል ነበር። ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 ሃዋይ ውስጥ በማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር 315 አካባቢ ደርሶ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) አሁን ከ420 አልፏል። ስለዚህ ዛፎች የተለወጠ አየር ውስጥ እንደሚኖሩ ማንም አይክድም።

ጥያቄው ዛፎቹ በዚህ ምን ሠሩበት የሚለው ነው። መልሱ ግንዳቸው ውስጥ ተመዝግቧል። በዓመት ቀለበቶቹ ውስጥ ያሉትን የካርቦን ዓይነቶች በመለካት ዛፉ በየዘመኑ ውሃን ምን ያህል በቁጠባ እንደተጠቀመ ማወቅ ይቻላል። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በቦሊቪያ፣ በካሜሩን እና በታይላንድ ደኖች ከ1,000 በላይ ዛፎችን እንዲህ መረመረ። በ150 ዓመት ውስጥ የውሃ አጠቃቀም ብቃታቸው ከ30 እስከ 35 በመቶ አድጓል። ግንዳቸው ግን በፍጥነት አልወፈረም። ቁጠባው አለ፣ እድገቱ የለም። «ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግብ ነው» ብሎ ነገሩን የሚዘጋ ሰው መጀመሪያ ይህን ማስረዳት አለበት።

«ምግብ» የሚለው ሐሳብ በብዛት የመጣው ከችግኝ ሙከራ ነው። ችግኝ በማሰሮ ተክለህ፣ ውሃና ማዳበሪያ ሳታጓድል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ብትጨምርለት ይመነደጋል። ደን ውስጥ ግን ውሃ የሚያጠጣ የለም፣ ማዳበሪያ የሚጨምርም የለም። ይህን ለመለየት ተመራማሪዎች ከላብራቶሪ ወጥተው ደኑ መሃል ማማዎች በክብ ተከሉና በቆሙ ዛፎች ላይ ለዓመታት ጋዙን ለቀቁ። ውጤቱ እንደየቦታው ተለያየ። አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ በኦክ ሪጅ ወጣት የስዊትገም ደን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርታማነቱ በ24 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። በ2008 ግን ብልጫው ወደ 9 በመቶ ወርዶ ነበር፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ስላልበቃ ነው። አውስትራሊያ፣ ሲድኒ አቅራቢያ፣ ፎስፈረስ በጠፋበት አፈር ላይ የቆመ ያረጀ የባህር ዛፍ ደን ደግሞ 12 በመቶ ያህል ተጨማሪ ካርቦን ከአየር ወሰደ፤ ግን እንጨት አልሆነም። በዛፎቹና በአፈሩ ትንፋሽ መልሶ ወደ አየር ወጣ። እንግሊዝ ውስጥ ወደ 180 ዓመት የሚጠጉ የኦክ ዛፎች በሰባት ዓመት ውስጥ 10 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንጨት ሠርተዋል። ስለዚህ ያረጀ ደን ምንም አይጨምርም ማለትም ልክ አይደለም። ልዩነቱን በብዛት የሚወስነው አፈሩ ነው።

እነዚህ ሙከራዎች በብዛት የመለሱት ግን የእድገትን ጥያቄ ነው። የእናንተ ጥያቄ ዛፉ በድርቅ ይሞታል ወይስ አይሞትም የሚል ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። በጥሩ ዓመት በፍጥነት ያደገ ዛፍ በክፉ ዓመት ይተርፋል ማለት አይደለም። እንዲያውም አንዳንዴ ተቃራኒው ነው።

ምክንያቱ የተቆጠበው ውሃ አፈር ውስጥ ተቀምጦ አለመጠበቁ ነው። ዛፍ ደሞዝ ሲጨመርለት ቤት እንደሚያሰፋ ሰው ነው። ካርቦንና ውሃ ሲተርፈው ተጨማሪ ቅጠል ያወጣል፣ ቁመቱን ይጨምራል። ቅጠሉ በዛ ማለት የሚተነው ውሃም በዛ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቅጠል ቆጣቢ ቢሆንም ዛፉ በሙሉ ሲደመር የሚጠጣው ከበፊቱ ላያንስ ይችላል። ከዚያ ድርቅ ሲመጣ በደግ ዘመን ልክ የተሠራ ሰፊ አናት ይዞ ይገጥመዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻውን አይጨምርም፤ አየሩንም ያሞቃል። አየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር ሊይዘው የሚችለው የውሃ ተን በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በምድር ላይ ያለው ርጥበት በዚያው ልክ ካልጨመረ አየሩ ይጠማል፤ ጥሙን የሚያረካው ደግሞ ከቅጠልና ከአፈር እየሳበ ነው። ቀዳዳው መጥበቡ ያስቀረውን ውሃ የተጠማው አየር መልሶ ይወስደዋል። ብዙዎቹ ፓይንን የመሰሉ ቀጭን ቅጠል ያላቸው ዛፎች ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ቀዳዳቸውን የሚያጠቡት በጣም በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ከቁጠባውም ያን ያህል አይጠቀሙም።

የሙቀትን ክብደት ለማሳየት አሪዞና ውስጥ ባዮስፌር 2 በተባለው ትልቅ የመስታወት ቤት የተደረገውን ሙከራ እጠቅሳለሁ። ፒንዮን የሚባሉ የፓይን ዛፎችን ሁለት ቦታ ከፍለው ውሃ ከለከሏቸው። አንደኛው ቡድን ከሌላው በ4 ዲግሪ ገደማ የሚበልጥ ሙቀት ነበረበት። የሞቀው ቡድን 28 በመቶ ያህል ቀድሞ ሞተ። ድርቁ ለሁለቱም እኩል ነበር፤ የተለየው ሙቀቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዛፍ በድርቅ እንዴት ይሞታል?

ከሥር እስከ ቅጠል ውሃ የሚሄደው ዛይለም በሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ነው። የሚገፋ ፓምፕ የለም። ቅጠል ላይ የሚተነው ውሃ ከኋላው ያለውን ይጎትታል፣ ያም ከኋላው ያለውን፣ እስከ ሥር ድረስ። ስለዚህ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ነው። አፈሩ ሲደርቅና አየሩ ሲጠማ ውጥረቱ ይከርራል። ከልኩ ሲያልፍ አየር ይገባና አረፋ ይፈጠራል። አረፋ የያዘ ቱቦ ውሃ አያሳልፍም። ጥቂት ቱቦዎች ቢዘጉ ዛፉ ይችለዋል። ብዙዎቹ ሲዘጉ ግን ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቅና እነሱም በተራቸው ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢመጣም ውሃው ላይ አይደርስም። እናንተ «ከጫፋቸው መድረቅ ጀመሩ» ያላችሁት ብዙ ጊዜ የዚህ ምልክት ነው። ከአፈሩ የራቀው ጫፍ ቀድሞ ይጎዳል። ትልልቅ ዛፎች በድርቅ ይበልጥ የሚጠቁትም በከፊል በዚህ የተነሳ ነው።

ዝርያዎች በዚህ በጣም ይለያያሉ። አውስትራሊያ ውስጥ ካሊትሪስ ከሚባሉት ዛፎች አንዱ ግማሽ ያህሉ የውሃ ማሳለፍ አቅሙ የሚጠፋው ውጥረቱ 18.8 ሜጋፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ሲደርስ ነው። ይህ ከከባቢ አየር ግፊት ከ180 እጥፍ በላይ ነው። አብዛኛው ዛፍ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ይበጠስበታል። የሚገርመው ሌላ ነው፦ በ2012 በ81 ቦታዎች ያሉ 226 የደን ዝርያዎች ሲነጻጸሩ 70 በመቶው የሚኖሩት ከአደጋው ጠርዝ ከ1 ሜጋፓስካል ባነሰ ርቀት ላይ ሆነው ተገኙ። የእርጥብ ደን ዛፍም፣ የደረቅ ደን ዛፍም። በደረቅ ቦታ የሚኖረው ቱቦው ጠንካራ ቢሆንም እዚያው ጠርዙ ድረስ ይጠቀምበታል። ስለዚህ «የእኛ ደን እርጥብ ቦታ ነው ያለው» ማለት መድን አይሆንም።

ሁለተኛው አሟሟት ረሃብ ነው። አንዳንድ ዝርያ አፈሩ መድረቅ ሲጀምር ቶሎ ቀዳዳውን ይዘጋል። ቱቦው ይድናል፤ ካርቦን ግን አይገባም፣ ያከማቸውን ስኳርና ስታርች እየበላ ይቆያል። ሌላው ከፍቶ ይጋፈጣል። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ከ2002 በኋላ የሆነው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ፒንዮንና ጥድ ጎን ለጎን ቆመው ያንኑ ድርቅ አዩ። ቶሎ የሚዘጋው ፒንዮን በአንዳንድ ቦታ ከ90 በመቶ በላይ አለቀ። ከፍቶ የሚጋፈጠውና ቱቦው ጠንካራ የሆነው ጥድ በብዛት ተረፈ። ፒንዮኖቹን የጨረሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅርፊት ሥር የሚገባ ጥንዚዛ ነው። ጤነኛ ዛፍ ጥንዚዛውን በሙጫ ያስወጣዋል። የተጠማና የተራበ ዛፍ ሙጫ የለውም።

ረሃብና ጥም ብዙ ጊዜ ተያይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ግን ክብደቱን ለቱቦው እሰጣለሁ። በብራዚል አማዞን ካሺዋና በሚባል ቦታ ከ2002 ጀምሮ አንድ ሄክታር ደን ላይ ከዛፎቹ ሥር ፕላስቲክ ዘርግተው ከዝናቡ ግማሽ ያህሉ አፈሩን እንዳያገኝ አደረጉ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ትልልቆቹ ዛፎች ረግፈው ነበር። የተረፉት ዛፎች ውስጥ የተከማቸው ስኳርና ስታርች ሲለካ ግን አልቀነሰም። ማስረጃው የጠቆመው ወደ ረሃብ ሳይሆን ወደተዘጋ ቱቦ ነው።

ታዲያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚህ ምን ይሠራል? ድርቁ ቀላል ሲሆን ያግዛል፤ የአፈሩን ውሃ ጥቂት ቀናት ሊያቆየው ይችላል። ድርቁ ሲጸና ዛፉ ቀዳዳውን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ውጭ ያለው ጋዝ 420 ሆነ 800፣ በሩ ተዘግቷል። አየር የገባበትን ቱቦም ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይጠግነውም። እርዳታው የሚገኘው እምብዛም በማያስፈልግበት ጊዜ ነው።

«ደኑ ይለምደዋል» የሚለውም መታረም አለበት። አንድ ዛፍ በተወሰነ ደረጃ ራሱን ያስተካክላል። ቅጠል ያራግፋል፣ ሥሩን ያሰፋል፣ በቀጣዩ ዓመት ጠባብ ቱቦ ይሠራል። የቆመው ዛፍ ግን ዝርያውን አይለውጥም። ድርቅም ሲያልፍ ወዲያው አይረሳም። ከ1,300 በላይ ቦታዎች የተሰበሰቡ የዛፍ ቀለበቶች እንደሚያሳዩት ከከባድ ድርቅ በኋላ እድገት ከአንድ እስከ አራት ዓመት ቀዝቅዞ ይቆያል። በእናንተ ደን ሁለቱ ደረቅ ዓመታት ተከታትለው ስለመጡ ሁለተኛው ያገኘው ያላገገመ ዛፍ ነው።

ወደ ጥቅጥቅነቱ ስንመጣ፣ «እርጥበት ይይዛል» የሚሉት ሰዎች ያዩት ነገር አለ። ጥላ ሥር ያለው አፈር ላዩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ግን ጣት የሚነካው የአፈሩን ላይ ብቻ ነው። ዛፎቹ የሚጠጡት ከዚያ በታች ነው፣ እዚያ ደግሞ ሥር በሥር ላይ ተጨናንቋል። አናቱም ቀላል ዝናብን ከመሬት ሳይደርስ ይይዝና እዚያው ያተነዋል። ካሊፎርኒያ ከ2012 እስከ 2016 በነበረው ድርቅ ከ100 ሚሊዮን በላይ ዛፎች አጥታለች። ደኑ ይበልጥ በተጨናነቀበት ቦታ ሞቱም የከፋ ነበር። ያለውን ዝናብ መጨመር አትችሉም፤ የሚካፈሉትን ዛፎች ቁጥር ግን መቀነስ ትችላላችሁ። በእጃችሁ ያለው ዋናው መሣሪያ ይሄ ነው።

ሲሳሳ ግን በዘፈቀደ አይሁን። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አትቁረጡ። ጥቅጥቅ ብሎ ያደገ ዛፍ ግንዱ ቀጭን ነው፤ ድንገት ብቻውን ሲቀር ነፋስ ይጥለዋል፣ ፀሐይም ቅርፊቱን ይልጠዋል። ከመጠን በላይ ብርሃን ካስገባችሁ ደግሞ ሣር ይበዛና ያተረፋችሁትን ውሃ እሱ ይጠጣዋል፤ ሲደርቅም የእሳት ማገዶ ነው። መጀመሪያ የሚወጡት የታመሙት፣ የተጣመሙትና በጎረቤቶቻቸው ተውጠው አናታቸው የጠበበው ናቸው። ጥሩ አናት ያለው ይቅር። ትልቁን ሽጦ ትንሹን ማስቀረት የሚፈትን ነገር ነው፤ አታድርጉት። ከዓመታት በኋላ የቀሩት ዛፎች ክፍተቱን በቅጠል ይሞሉታልና ሥራው የአንድ ጊዜ አይደለም።

ጊዜው ወሳኝ ነው። ድርቁ መሃል ላይ አትቁረጡ። ትኩስ ጉቶና ትኩስ ግንድ የቅርፊት ጥንዚዛን ይጠራል፣ በሙጫ ራሱን መከላከል የማይችል ዛፍም አጠገቡ ቆሟል። የተቆረጠውን እንጨት ከደኑ ቶሎ አውጡት ወይም ቅርፊቱን ላጡት።

ማዳበሪያ እንጨምር ወይ ብለው እንዳይጠይቁኝ ቀድሜ ልመልስ፦ አትጨምሩ። ከላይ ስለ ናይትሮጅን ያልኩትን ያነበበ ሰው ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። ናይትሮጅን ቅጠል ያበዛል፣ ቅጠል ጥም ያበዛል። ድርቅ ላለበት ደን ይህ ተገላቢጦሽ ሕክምና ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በሰው እጅ ለተተከለ፣ እድሜው ተቀራራቢ ለሆነ ደን ነው። የተፈጥሮ ደን፣ በተለይ ልዩ ልዩ ዝርያና እድሜ ያለው፣ በዚህ ምክር አይቆረጥም። ማሳሳት ደግሞ ተአምር አይደለም። ለመካከለኛ ድርቅ ብዙ ይረዳል። ለዓመታት የተራዘመ፣ ሙቀት የተጨመረበት ድርቅ ሲመጣ የተሳሳውም ደን ሊያልቅ ይችላል፣ በተለይ ዝርያው ለቦታው ያልተስማማ ከሆነ።

ቆመው የደረቁትን ለመቁረጥ ግን አትቸኩሉ። ቅጠል ያራገፈ ሁሉ አልሞተም። ቅርፊቱን በቢላ ትንሽ ፋቅ አድርጋችሁ እዩ። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሕይወት አለ፤ አንድ የዝናብ ወቅት ስጡት። ቡናማና ደረቅ ከሆነ፣ ከግንዱ ታች አካባቢም ሲፋቅ እንደዚያው ከሆነ፣ ሄዷል። በቅርፊቱ ላይ ትንንሽ ቀዳዳና የእንጨት ዱቄት ካያችሁ ግን መጠበቅ የለም፤ ያንን ዛፍ አውጡት።

ክፍተት በተፈጠረበት ቦታ ያንኑ ዝርያ መልሳችሁ አትትከሉ። ሁለት ሦስት ዝርያ ቀላቅሉ፣ ሥራቸው በጥልቀት የሚለያይ ቢሆን ይመረጣል። ስትመርጡም በአማካይ ዝናብ አትመኑ። በአካባቢው ሰው የሚታወሰውን በጣም ደረቅ ዓመት ውሰዱና ያን ዓመት ያለ ውኃ ማጠጣት ቆሞ ያሳለፈውን ዛፍ ፈልጉ፤ ዘሩን ከእሱ ሰብስቡ። እስከዚያው የሚወጡትን ዛፎች አሁኑኑ ለይታችሁ ግንዳቸው ላይ ቀለም ቀቡ፤ ማን እንደተዳከመ በግልጽ የሚታየው በድርቁ ጊዜ ነው። መጋዙን የምታነሱት አፈሩ ረጥቦ የቀሩት ዛፎች አዲስ ቅጠል ካወጡ በኋላ ይሁን።